ለሊቀ መንበሩ የተመቸችው ሞተር

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ለማለት አትቸኩሉ። የዛሬው ተረት በረት የለውም፤ ሞተር ሳይክል ግን አለው። ላሞቹም በነገሩ ውስጥ የሉበትም። ብልህ ስለሆኑ እንዳይመስላችሁ፤ ስብሰባው ላይ ስላልተጠሩ ነው።

እንስሳት ከሰው ክፉውን ሁሉ መቅዳት በጀመሩበት ዘመን፣ በአንድ ቆላ አገር አንድ ጫካ ነበር። በጫካው መሀል አሸዋማ ደረቅ ወንዝ ያልፋል። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ውሃ አይታይበትም፤ ዳር ዳሩን ግን ሣር አይጠፋም፣ ጥላ አለ፣ አፈሩም ለመቆፈር ይለሰልሳል። ስለዚህ ጉድጓድ ቆፋሪው ሁሉ ቤቱን እዚያው ሠራ። ከፍ ያለውን መሬትማ የጌታ አንበሳ ዘመዶች ቀድመው ይዘውት ነበር። ጣጣው የሚመጣው ደጋው ላይ ሲዘንብ ነው። ቆላው ፀሐይ እየሞቀ ሳለ ደራሽ ውሃ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ይወርድና ያገኘውን ጠርጎ ይሄዳል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ የዚያ አገር ውሃ ግን ለሳቅ እንኳ ጊዜ አይሰጥም።

የደጋውን ደመና ከሩቅ የሚያየው አያ ቀጭኔ ነበር። ከጉብታው ላይ ቆሞ ሰማዩን ሲጠብቅ ይውላል፤ ደጋው ከጠቆረ ወንዙን ተከትሎ እየሮጠ «ውጡ፣ ውሃ መጣ!» ይላል። ዳሩ ግን አርጅቷል፤ ወንዙም ረጅም ነው። ድምፁም አያግዘውም። የቀጭኔ ድምፅ ከደረቱ ተነሥቶ ያን ሁሉ አንገት ወጥቶ አፉ ጋ ሲደርስ ደክሞት ነው የሚደርሰው። አጠገቡ ካልቆሙ በቀር አይሰማም።

ባለፈው ክረምት አያ ቀጭኔ ከወንዙ መታጠፊያ ሳይደርስ ውሃው ቀደመው። ከመታጠፊያው አጠገብ የምትኖረው እመት ከርከሮ ሥራሥር ልትቆፍር ወጣ ብላ ነበር። ስትመለስ ጉድጓዷም የለም፣ ግልገሎቿም የሉም፤ አሸዋ ብቻ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ወለደች። ገና ሳይጠነክሩ ክረምቱ እየመጣ ነበርና ከጌታ አንበሳ ዋሻ ደጅ ተንበርክካ አለቀሰች።

«ጌታዬ፣ ያምናውን ሐዘን ዘንድሮም አትድገሙብኝ!»

ጌታ አንበሳ አንድ ዓይኑን ገለጥ አደረገና «ኮሚቴ ይቋቋም» ብሎ በሌላ ጎኑ ተኛ።

ኮሚቴው ተቋቋመ። ሊቀ መንበሩ አባ ዝንጀሮ ሆነ፣ ጸሐፊዋ ቀበሮ ሆነች፣ አህያ ደግሞ ራሷን እንድትነቀንቅ በአባልነት ገባች። ለእውነቱ ከሆነ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነገር ወሰኑ። ለአያ ቀጭኔ ክላክስ ያላት ሞተር ሳይክል ትገዛለት፤ ሞተሯ ለእግሩ፣ ክላክሷ ለድምፁ ትሁነው አሉ። ክላክስ የሰማ ሁሉ ጉድጓዱን ጥሎ ወደ ላይ ይወጣል። ሁሉም አዋጣ፤ እመት ከርከሮም ለክፉ ቀን የቀበረችውን ሥራሥር ቆፍራ አምጥታ ሰጠች።

ሞተር የሚሸጠው አያ ጅቦ ነበር። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ አያ ጅቦ ደግሞ በዚያ አገር ማንም አያውቀውምና ቁርበቱን ራሱ አንጥፎ፣ ሁለት ሞተሮች አቁሞ፣ ነጋዴ ሆኖ ተቀመጠ። ኮሚቴው አያ ቀጭኔን አስከትሎ መጣ። እመት ከርከሮም ከኋላ ከኋላ ተከተለች።

«ለማን ናት?» አለ አያ ጅቦ።

«ለአያ ቀጭኔ» አለች ቀበሮ።

አያ ጅቦ ቀና ብሎ የቀጭኔን ቁመት አየ፤ አንገቱን እስኪያመው አየ። ከዚያ ወደ አንደኛዋ ሞተር ጠቆመ። ከፍ ያለች፣ ቀለሟ የደበዘዘ፣ ጭቃ የለመደች ሞተር ነበረች። «እንግዲያው ይቺ ናት። መቀመጫዋ ከፍ ያለ ነው፣ መርገጫዋ ዝቅ ብሏል፣ መሪዋም ራቅ ብሎ ወደ ላይ ወጥቷል። እግረ ረጅም ሲቀመጥባት ጉልበቱ አይታጠፍም፣ ወገቡም አይጎብጥም።»

ጅብ እንኳ አንዳንዴ እውነት ያመልጠዋል።

አያ ቀጭኔ ደስ ብሎት አንድ እግሩን ሲያነሣ አባ ዝንጀሮ ጉሮሮውን ጠረገ። አያ ቀጭኔ እግሩን መለሰ። በዚያ አገር ታላቅነት በሹመት ነው፤ ታላቅ ሳይቀምስ ታናሽ አይቀምስም፤ ታላቅ ሳይቀመጥም ታናሽ አይቀመጥም። በመቀመጫ ነገር ደግሞ ከዝንጀሮ በላይ አዋቂ የለም ተብሎ ይታመን ነበር። ምክንያቱም መቀመጫው ተመልጦ፣ ደድሮ፣ ስንት ቋጥኝ የተፈራረቀበት ነው። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል ይባላል፤ ዝንጀሮ ራሱ መራጭ ሲሆን ምን እንደሚመጣ ግን የተረተልን የለም።

አባ ዝንጀሮ በረጅሟ ሞተር ላይ ተንጠላጥሎ ወጣ። እግሩ መሬት አልነካም፤ መርገጫውንም አልደረሰም። ክንዱ መሪውን ለመያዝ ሲዘረጋ ሆዱ ነዳጅ መያዣው ላይ ተኛ። ሞተሯ ዘመም፣ ዘመም አለችና አባ ዝንጀሮን ይዛ ዘፍ አለች። አህያ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ወደ ሳል ለወጠችው። አባ ዝንጀሮ አቧራውን እያራገፈ ተነሣ።

«ይቺ አገር ታጠፋለች!» አለ። «ሊቀ መንበር የጣለች ሞተር ተራውን ምን ልታደርገው ነው?»

«እኔም እኮ እሷን አላልኩም» አለ አያ ጅቦ በፍጥነት። «እንዲያው ለማነጻጸሪያ ነው ያቆምኳት። የእናንተዋ ይቺ ናት።»

ሁለተኛዋ ዝቅ ያለች፣ ቀይ፣ ብረቷ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ፣ መቀመጫዋ እንደ ትራስ የተነፋ ነበረች። አባ ዝንጀሮ ተቀመጠባት። ሁለቱም እግሮቹ መሬት ረገጡ። ክንዱ ሳይዘረጋ መሪውን ያዘ። በስፖኪዮው ውስጥም ፊቱን አየና ወደደው።

«ኧረ ይሄ አልጋ ነው እቴ!» አለ።

ቀጥሎ ቀበሮ ተቀመጠች፤ «አልጋ ነው» አለች። አህያም ጎኗን አሳርፋ ራሷን ነቀነቀች። ቀበሮ በኮሚቴው ስም ሞተሯ ለረጅም ጋላቢ እጅግ ምቹ መሆኗ በተግባር ተረጋግጧል ብላ አወጀች።

ያን ጊዜ እመት ከርከሮ ከኋላ ሆና ተናገረች። «ጌቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የሚነዳት አያ ቀጭኔ አይደል? እሱስ አይቀመጥባትም?»

ሁሉም ዞሮ አያት። አባ ዝንጀሮ ከሞተሯ ሳይወርድ «እመት ከርከሮ» አለ፣ ቅር ባለው ድምፅ። «እኛ ተቀምጠን ተመችቶናል ካልን በኋላ እሱ ሊፈትን ነው? ዋሻችሁ ማለትሽ ነው?»

«ኧረ እኔስ እንዲያ አልወጣኝም፣ ጌታዬ!»

«ሽማግሌ የቀመሰውን ወጥ ልጅ ጨው አነሰው አይልም። ለማንኛውም እንጠይቀው። አያ ቀጭኔ፣ ምን ትላለህ?»

አያ ቀጭኔ የሆነ ነገር ተናገረ። ነገሩ አንገቱን ወጥቶ እስኪጨርስ ግን የሚጠብቅ አልነበረም። «ተስማምቷል» አለች ቀበሮ፤ ተጨበጨበ።

ከዚያ ምረቃ መጣ። እናንተም አገር እንዳለው ነው፤ ምረቃ ያልተደረገለት ነገር እንደተሠራ አይቆጠርም፣ የተመረቀ ነገር ደግሞ እንደተበላሸ አይቆጠርም። ሐረግ ተዘረጋ፣ አባ ዝንጀሮ በጥርሱ በጠሰው። ሽማግሌዎች እጃቸውን ዘርግተው «ሞተሯን ከእንቅፋት፣ ነጂውን ከክፉ ዓይን ይጠብቅልን» አሉ። «አሜን!» ተባለ። ከዚያ አያ ቀጭኔ በሕዝብ ፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሞተሯ ላይ ተቀመጠ።

ምን ልንገራችሁ! የኋላ እግሮቹ መርገጫው ላይ ሲያርፉ ጉልበቶቹ እስከ ብብቱ ወጡ። የፊት እግሮቹ መሪውን ለመያዝ ሲታጠፉ ከጉልበቶቹ ጋር ተጋጩ። ቦታ ፈልጎ ጉልበቶቹን ወደ ውጭ ከፈታቸው፤ ያን ጊዜ ከሩቅ ያየው ሰው በርጩማ ላይ የተጣለ የጠረጴዛ እግር ይመስለው ነበር። መሪውን ወደ ግራ ሊያዞር ሲሞክር ደግሞ ግራ ጉልበቱ ክላክሷ ላይ አረፈ፤ ክላክሷም ጲጲጲጲ ብላ ጮኸች። ሕዝቡ ሰላምታ የሰጠው መስሎት በእልልታ አቀለጠው።

«ተመቸህ ወይ?» አለ አባ ዝንጀሮ ጮክ ብሎ።

አያ ቀጭኔ ወደ ታች አየ። ያዋጣው ሁሉ እየሳቀ ቀና ብሎ ያየዋል። አባ ዝንጀሮ መልሱን አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። እመት ከርከሮ ብቻ ፊቱን ትታ ጉልበቱን ታያለች።

«እጅግ በጣም!» አለ አያ ቀጭኔ። «እግዜር ይስጥልኝ!» ከአንገት በላይ ሳቀ። የቀጭኔ ከአንገት በላይ ደግሞ ከልቡ እንዴት እንደሚርቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

ሰዉ ሲበተን፣ እንስሳው ማለቴ ነው፣ እመት ከርከሮ ጠጋ አለችው።

«አያ ቀጭኔ፣ እውነቱን ንገረኝ። ተመችታሃለች?»

«ጉልበቴ ከክላክሷ ጋር ተጣልቷል» አለ አያ ቀጭኔ አንገቱን ደፍቶ። «መሪዋን ባዞርኩ ቁጥር ትጮሃለች።»

«ታዲያ ሲጠይቁህ ለምን አልተናገርክም?»

«ተመርቃ! ያን ሁሉ አሜን እንዴት አድርጌ ልመልሰው? ደግሞስ ምን ይሉኛል? ለፍተው ገዝተውለት አማረረ አይሉም?»

«ይበሉሃ! የኔ ልጆች ከስምህ ይበልጣሉ። እኔ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«እባክሽ፣ እመት ከርከሮ፣ አታዋርጂኝ! ጥቂት ጊዜ ስጪኝ፣ እለምዳታለሁ።»

እሷም አዘነችለትና ዝም አለች። እሱ ለኮሚቴው አፈረ፤ እሷ ለእሱ አፈረች። ይሉኝታ እንደ ጉንፋን ነው፤ አንዱ ሲያነጥስ ሌላውን ይይዘዋል።

በማግሥቱ አያ ቀጭኔ መንገዱን ሊለማመድ ወጣ። ወንዙ ይታጠፋል፣ መንገዱም ይታጠፋል፣ መሪውም ይዞራል፤ ክላክሷ ጲጲጲጲ አለች። ጃርት ልጆቿን አቅፋ ከጉድጓዷ ተወረወረች። እመት ከርከሮ ግልገሎቿን እየነዳች ዳገቱን ወጣች። አስቀሬ ፍልፈል የሚባለው ሽማግሌ እንኳ ምርኩዙን ረስቶ ሮጠ። ላይ ሆነው ጠበቁ። ውሃ የለም። አያ ቀጭኔ ከሥር እያለፈ «ይቅርታ፣ ጉልበቴ ነው!» አለ፤ ድምፁን የሰማው ግን የለም።

በሚቀጥለው ቀን እንደገና ጮኸች፤ እንደገና ወጡ። በሌላው ቀን የወጡት ጥቂት ናቸው። እያደር ማንም አንገቱን ብቅ ማድረግ ተወ። ክላክስ ሲሰማ እናቶች «ጉልበቱ ነው፣ ተኙ» ይላሉ። ነገሩ ተረት እስከ መሆን ደረሰ፤ በማይረባ ነገር የሚለፈልፍ ሲገጥማቸው «የቀጭኔ ጉልበት» ይሉት ጀመር።

አያ ቀጭኔ ያልሞከረው የለም። ጉልበቱን በሐረግ አስሮ ነዳ፤ ወደቀ። በአንድ ጎኑ ተቀምጦ ነዳ፤ አሁንም ወደቀ። መጨረሻ ላይ ይሉኝታውን ዋጥ አድርጎ ኮሚቴው ፊት ቀረበና ጎንበስ ብሎ፣ አፉን ከአባ ዝንጀሮ ጆሮ አስጠግቶ ተናገረ።

«ጌታዬ፣ ሞተሯ ለኔ አጠረች። ክላክሷን የሚያምናት ጠፍቷል። ያቺን ከፍ ያለችውን ብትለውጡልኝ…»

«የትኛዋን? ያቺን የጣለችኝን?» አባ ዝንጀሮ ከመቀመጫው ተነሣ። «ስማ፣ አያ ቀጭኔ። ይቺ ሞተር ተፈትናለች፣ ተመርቃለች። ሕዝብ ፊት ተመችቶኛል ያልከው አንተ ነህ። አሁን የሚሻለው አንተ ጉልበትህን ሰብሰብ ማድረግ ነው።»

አህያ ራሷን ነቀነቀች።

አንድ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና ሁሉም በየጥላው ባሸለበበት ሰዓት፣ አያ ቀጭኔ ከጉብታው ላይ ደጋውን አየ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠቁሯል። ሞተሯን አስነሥቶ ወንዙን ተከትሎ ወረደ። በዚህ ቀን ነገሩን ለጉልበቱ አልተወውም፤ ክላክሷን በራሱ ኮቴ ተጭኖ፣ ሳይለቅ፣ እያስጮኸ በረረ።

ጃርት በእንቅልፍ ልቧ «ጉልበቱ ነው» ብላ ተገላበጠች። አስቀሬ ፍልፈል «ይሄ ሰውዬ ዛሬስ አበዛው» ብሎ ጆሮውን በአፈር ደፈነ። እመት ከርከሮ ግልገሎቿን እያጠባች ነበር። አንደኛው ጡቱን ለቆ ቀና አለ።

«እማ፣ ክላክስ ነው።»

«ጉልበቱ ነው፣ ልጄ። ጥባ» አለችው።

አያ ቀጭኔ ወደ ኋላ ዞሮ አየ። አንድም ነፍስ አልወጣም። ከሩቅ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማል። ሞተሯን መንገድ ላይ ጥሎ ወደ እመት ከርከሮ ጉድጓድ ሮጠ፤ ያን ረጅም አንገቱን ወደ ውስጥ አስገባና ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ።

«ጉልበቴ አይደለም! እመት ከርከሮ፣ ጉልበቴ አይደለም፣ ውጪ!»

ዘለለች። ግልገሎቿን በአፍንጫዋ እየገፋች አንድ በአንድ ወደ ውጭ ወረወረች፤ አያ ቀጭኔ በጥርሱ እያነሣ ዳገቱ ላይ አስቀመጠ። ትንሹ ግልገል እንደ ልማዱ የሁሉም መጨረሻ ነበር። ልትመለስለት ስትዞር ውሃው ደረሰ። አያ ቀጭኔ እሷን ጅራቷን ይዞ ጎትቶ አወጣት። ትንሹን ውሃው ወሰደው። ጃርትን ከነልጆቿ ወሰደ፣ አስቀሬን ወሰደ፣ ከወንዙ ዳር «ጉልበቱ ነው» ብሎ የተኛውን ሁሉ ወሰደ። እመት ከርከሮ ዳገቱ ላይ ቆማ ለትንሹ ልጇ የጮኸችው ጩኸት ከክላክሷ በላይ ተሰማ።

ውሃው ሲጎድል ሞተሯ አንድ የግራር ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ተገኘች። ጭቃ ብቻ ነበረባት፤ ጭረት እንኳ አልነካትም። ኮሚቴው በደስታ ሊሞት ደረሰ። አባ ዝንጀሮ ሐዘንተኛውን ሰብስቦ ንግግር አደረገ።

«ወገኖቼ፣ ሐዘናችን ከባድ ነው። መጽናኛችን ግን ሞተራችን ናት። ይህን ሁሉ ውሃ ችላ ወጣች፤ ጥራቷን በተግባር አስመሰከረች! እንግዲህ ጥፋቱ ከሞተሯ ካልሆነ ከማን ነው? ክላክሷን በየቀኑ እያስጮኸ ሕዝቡን ያዘናጋው ማን ነው?»

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታልና ሁሉም ወደ አያ ቀጭኔ ዞረ። እመት ከርከሮ «ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፣ እኔም አውቄ ዝም ብያለሁ፣ እናንተም አልሰማ ብላችኋል!» ብትል ሐዘን አእምሮዋን ነካው ተባለ። አያ ቀጭኔም መልስ ነበረው፤ መልሱ ግን ገና አንገቱ ላይ ሳለ ቀበሮ «ቁመቱ ለሞተሯ ስለማይመጥን ከሥራው ተሰናብቷል» አለች።

በምትኩ ሽኮኮ ተሾመ። ሽኮኮ የአባ ዝንጀሮ አበልጅ ነው፤ ይህን ግን ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም። ሞተሯ ታጠበች፣ ሌላ ሐረግ ተዘረጋ፣ ሌላ አሜን ተባለ። ሽኮኮ መቀመጫው ላይ ወጣ። እግሩ መርገጫውን አልደረሰም፣ እጁም መሪውን አልያዘም፤ ግን መቀመጫው ሙሉ ለሙሉ ስለበቃው ተጠቅልሎ ተኛበት። ጉልበቱም ምንም አልነካም። ክላክሷ ጸጥ አለች። ሕዝቡ «አሁን ገና ሰላም አገኘን» አለ።

ክረምቱ ገና አላለቀም ነበር። አንድ ቀን እመት ከርከሮ የተረፉላትን ግልገሎች አስከትላ በጉብታው ሥር አለፈች። ሽኮኮ ሞተሯ ላይ ጋደም ብሎ ፀሐይ ይሞቃል።

«ልጄ ሽኮኮ፣ እስቲ ቀና በልና እይልኝ። ደጋው ጠቁሯል?»

ሽኮኮ ሳይነሣ አንገቱን ሰገግ አደረገ። «ሣሩ ከለለኝ እንጂ አይቼ እነግርሽ ነበር፣ እመት ከርከሮ። መቀመጫዋ ግን…» ብሎ አዛጋ፣ «ምን ልበልሽ፣ አልጋ ናት።»

እመት ከርከሮ ወደ ወንዙ አየች። የሞቱት ጉድጓድ ላይ ሌሎች አዲስ ቤት መቆፈር ጀምረዋል። ከወዲያ ማዶ፣ ድንጋያማው መሬት ላይ፣ አያ ቀጭኔ ሥራ ባይኖረውም እንደ ልማዱ አንገቱን ቀና አድርጎ ደጋውን ያያል። ግልገሎቿን ወደዚያ መለሰቻቸው።

«እማ፣ እዚያ እኮ ድንጋይ ነው፤ አይቆፈርም» አለ አንዱ።

«ቆፍሩ፣ ልጆቼ» አለች እመት ከርከሮ። «ጥፍራችሁ ይላጥ እንጂ ድምፁ ከሚሰማበት ከእሱ እግር ሥር ቆፍሩ። ኮሚቴዎቹ እንደሆነ ለኮርቻው አዝነው በቅሎዋን ሸጠዋታል።»